አለቃ መሆን ለምን እንዲህ ከበደ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ቲም ሊደር፣ ሱፐርቫይዘር፣ የክፍል ኃላፊ ወይም ማናጀር ተብለው ለተሾሙ ሰዎች ነው። በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ በግል ድርጅት ለሚሠሩ። ከላይ አለቃ አላቸው፣ ከታች ሠራተኛ አላቸው፣ ሁለቱም ወገን በእነሱ ያሳብባል። ሕግ ሲጠቀስ የምናወራው ስለ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ ስላለው እዚህ ስለ ሕግ የተጻፈው እሱን አይመለከትም። ጥያቄዎቹን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ግዴታ አይደለም። ያስቸገርዎትን ይፈልጉ።

ትናንት አብሬያቸው ሻይ የምጠጣ ልጆች አለቃ ሆንኩ። ጓደኝነቱ ቀረ ማለት ነው?

አይቀርም። እንደነበረው ግን አይቀጥልም። ምሳ አብሮ መብላት ይቻላል። ምሳ ላይ የበላይ ኃላፊዎችን አብሮ ማማት ግን ከእንግዲህ አይቻልም። የተናገሩት ሁሉ «ማናጀሩ ራሱ ብሏል» እየተባለ ይዞራል።

በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱን ለብቻው ያናግሩ። ከቢሮ ወጣ ብሎ ማኪያቶ ላይ ቢሆን ይመረጣል። እርስዎ ምን እንደሚጠብቁ ይንገሩት፤ እሱ ምን እንደሚጠብቅም ይጠይቁት። ለዚያው ቦታ ተወዳድሮ የቀረ ሰው ካለ ከሁሉም በፊት እሱን ያናግሩ። «ቦታው ላንተም የሚገባ እንደነበር አውቃለሁ» ማለት ክብር አይቀንስም። ሳያናግሩት ወራት ካለፉ ግን ቅሬታው ሥራው ውስጥ ይገባል።

እርስዎ የሌሉበት አዲስ የቴሌግራም ግሩፕ መከፈቱም አይቀርም። ይከፈት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለ እርስዎ የሚወራውን መጨረሻ ላይ የሚሰሙት እርስዎ ነዎት። ይህን ለማስተካከል ብሎ ወሬ አቀባይ ማስቀመጥ ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ወሬ አቀባዩ ማን እንደሆነ ቢሮው ወዲያው ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ እውነቱን የሚነግርዎ ሰው አይኖርም።

በዕድሜ የሚበልጡኝን ሰዎች እንዴት ነው የማዝዘው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣል። መልሱም ከውጭ በመጣ የማኔጅመንት ሥልጠና ውስጥ ብዙም አይገኝም።

አንድ የ28 ዓመት ልጅ መጋዘን ላይ ኃላፊ ይሆናል። ከሥሩ 25 ዓመት የሠሩ ንብረት ጠባቂ አሉ። «ጋሼ» ነው የሚላቸው። እሳቸው ደግሞ «ልጄ» ይሉታል። ሳምንታዊ ቆጠራው ሲስተም ላይ ይግባ ብሎ ይጠይቃል። «እሺ ልጄ» ይባላል። አይገባም። እንደገና ይጠይቃል። «እሺ» ይባላል። አሁንም አይገባም። ልጁ ሁለት አማራጭ ያለው ይመስለዋል። አንደኛው ማታ ራሱ ቁጭ ብሎ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ሰው ፊት መቆጣት ነው። ሁለቱም አይሠሩም። የመጀመሪያው ጸሐፊ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ መጋዘኑን በሙሉ ያስኮርፍበታል።

አክብሮቱን አይቀንሱ። «ጋሼ» ማለቱን ከተሾሙ በኋላ የተዉ እንደሆነ ሹመቱ ራስዎ ላይ ወጣ ይባላል። አንቱታው ይቀጥል፤ የሚጠየቀው ነገር ግን ቁርጥ ያለ ይሁን። ለብቻ፣ በር ተዘግቶ፣ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ጋሼ፣ የእርስዎን ልምድ ማንም አይክድም። ቆጠራው ግን ሐሙስ እስከ 10 ሰዓት ሲስተም ላይ መግባት አለበት። የሚያስቸግርዎ ሲስተሙ ከሆነ ነገ ጠዋት አብረን እንቀመጥ።»

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው በእርግጥም ሲስተሙ ነው። ስቶክ ካርድ ላይ አንድ ቁጥር ሳይሳሳቱ የኖሩ ሰው ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። ይህንን ለልጃቸው እኩያ መናገር ከባድ ነው። ስለዚህ «እሺ» ይላሉ። አለቃው እምቢተኝነት ብሎ የሚያነበው ነገር ሀፍረት ሊሆን ይችላል። ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ሳያስቸኩል የሚያሳይ አንድ ወጣት መመደብ ከአሥር ደብዳቤ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካልሠሩ ግን ዕድሜ ከሥራ ነፃ አያደርግም። ያኔ እንደማንኛውም ሠራተኛ ነው የሚታየው።

በሙያዬ አንደኛ ነበርኩ። አለቃ ስሆን ለምን ከበደኝ?

ሥራው ሌላ ስለሆነ። ጎበዝ አካውንታንት ስለሆኑ የአካውንታንቶች ኃላፊ አደረጉዎት፤ አካውንታንትን እንዴት እንደሚመሩ ግን ማንም አላስተማረዎትም። ጉግል በ2008 እ.ኤ.አ. ጥሩ ማናጀርን ጥሩ የሚያደርገው ምንድን ነው ብሎ የራሱን ሠራተኞች መረጃ አጥንቶ ነበር። ከተገኙት ስምንት ባሕርያት የቴክኒክ ችሎታ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። አንደኛ የወጣው ሠራተኛን እያሠለጠኑ ማብቃት ነው። ኢንጂነር በሞላበት ቤት የወጣ ውጤት መሆኑ ነው የሚገርመው።

አንድ ምልክት አለ። ሠራተኛው የሠራውን ፋይል ተቀብለው «ተወው እኔ አስተካክለዋለሁ» የሚሉ ከሆነ አሁንም ባለሙያ ነዎት እንጂ ኃላፊ አልሆኑም። መልሰው ይስጡት። ለጊዜው ይዘገያል፤ ይዘግይ።

ኃላፊነት ሰጡኝ፤ ሥልጣን ግን አልሰጡኝም። ምን ላድርግ?

አገራችን ውስጥ የመካከለኛ ኃላፊ ዋናው በሽታ ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የ12 ሰው ሥራ ይጠየቃሉ። 12ቱን ግን አልቀጠሩም፣ ደመወዛቸውን አይወስኑም፣ ለአንድ ቶነር እንኳን የሦስት ሰው ፊርማ ይጠብቃሉ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ወይም ባለቤቱ ደግሞ እርስዎን ዘለው ሠራተኛውን በቀጥታ ያዝዛሉ።

ሥልጣን በጥያቄ ብቻ አይገኝም። በዝርዝር ሲጠየቅ ግን ይገኛል። «ሥልጣን ይሰጠኝ» የሚል ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። «እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የጥገና ወጪ በእኔ ፊርማ ይለቅ፤ በወሩ መጨረሻ ሪፖርት አቀርባለሁ» የሚለው ግን መልስ ያስገድዳል። አይሆንም ቢባሉ እንኳን ጥገናው ሲዘገይ ምክንያቱ በጽሑፍ አለ። ለፈቃድ፣ ለፈረቃ ቅያሪ፣ ለቅጥር ቃለ መጠይቅ መገኘትም እንዲሁ አንድ በአንድ ይጠይቁ።

ባለቤቱ ሠራተኛዎን በቀጥታ ሲያዝዙ ሠራተኛው ላይ አይቆጡ፤ እሱ ምን ያድርግ? አንድ ደንብ ያስለምዱት፦ «ከላይ የታዘዝከውን ሥራ፤ ግን ያኔውኑ ንገረኝ።» ከባለቤቱ ጋር ደግሞ ሰው በሌለበት ይነጋገሩ። «ልጁን ለሌላ ሥራ ስለፈለጉት የዛሬው ማድረሻ ለነገ ይሸጋገር ወይ?» ብሎ መጠየቅ «ለምን ዘለሉኝ?» ከማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ሥራውን ያሳያል፤ ሁለተኛው ኩርፊያ ነው።

ሠራተኛዬ ሁሌ ያረፍዳል። ትራንስፖርት ነው ይላል።

እውነቱን ሊሆን ይችላል። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተነስቶ 2፡30 ላይ ቦሌ ለመገኘት ስንት ሰዓት መነሳት እንዳለበት ሰርቪስ ያለው ሰው አያውቀውም። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራው በእርግጥ 2፡30 መጀመር ያለበት መሆኑን ይዩ። የባንክ መስኮት ከሆነ አዎ። ዲዛይነር ከሆነ ግን 3፡30 ገብቶ አመሻሽቶ ቢወጣ ማን ተጎዳ? የተወሰነ ሰዓት ማሸጋሸግ ከተቻለ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ሰዓቱ የግድ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ (ከስንብት በፊት የሚሰጠው ወራት ሳይጠበቅ) ሊሰናበት ይችላል። በ6 ወር ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት 5 የሥራ ቀናት የቀረም እንዲሁ፣ እዚህም ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ። ቁልፉ «በጽሑፍ» የሚለው ነው። «ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ!» ፍርድ ቤት ሲደርስ ዋጋ የለውም።

እርስዎ ራስዎ በስንት ሰዓት ይገባሉ? ይህ ጥያቄ ቢቀፍም ሠራተኛው በሆዱ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ሰንበቴ፦ ፈቃድ ማን ይችለዋል?

በአዋጁ መሠረት ሠራተኛ ሲያገባ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው አልያም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር ይፈቀድለታል። ሚስቱ ስትወልድም አባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ያገኛል። ልዩና ከባድ ጉዳይ ሲገጥመው ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ፣ በበጀት ዓመት ከ2 ጊዜ ሳይበልጥ። የጎረቤት፣ የጓደኛ አባት፣ የዕድር ቀብር እዚህ ውስጥ የለም።

ሕጉ ይህን ይበል እንጂ ጎረቤት ሞቶ የማይቀብር ሰው ሰፈር ውስጥ አይኖርም። ይህን የማይረዳ ኃላፊ ቀን ያጠራቅማል እንጂ ሥራ አያገኝም። ሰውየው ይታመማል፤ የሕክምና ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ሁላችንም እናውቃለን። ግማሽ ቀን ሰጥቶ ቅዳሜ ማካካስ፣ ወይም ከዓመት ፈቃዱ መቀነስ ለሁሉም ይሻላል። የዓመት ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የሚያስፈልገው ለሁሉም እኩል መሆን ብቻ ነው። ለአንዱ ፈቅደው ለሌላው ከከለከሉ ፈቃዱ አይደለም የሚወራው፤ አድልዎው ነው።

«ደመወዝ አነሰ፣ ልለቅ ነው» ሲሉኝ ምን ልበል?

በመጀመሪያ የማይባለውን እንናገር። «አይዞህ፣ አስጨምርልሃለሁ» አይበሉ። በእጅዎ የሌለውን ቃል መግባት በሦስት ወር ውስጥ ውሸታም ያሰኛል።

ሰዎቹ ግን እያጋነኑ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ዘይቱም፣ ታክሲውም፣ የቤት ኪራዩም አብሮ ሄደ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ቢያደርገውም ከፍተኛው የ35 በመቶ ግብር ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ይጀምራል። ከዚያ ላይ 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጣል። መካከለኛ ባለሙያ ጭማሪ አገኘ ሲባል እጁ የሚገባው ያንሳል። ግሮሱን ሳይሆን የሚደርሰውን አስልተው ይነጋገሩ።

ኃላፊው ምን ማድረግ ይችላል? ጊዜውን ማወቅ። ብዙ ድርጅት በጀቱን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በነሐሴ «ጨምሩልኝ» የሚል ጥያቄ ይዞ የሄደ ማናጀር ያለፈ አውቶብስ እየጠበቀ ነው። ጥያቄው በጀት በሚዘጋጅበት ወቅት፣ በመጋቢትና ሚያዝያ፣ ከነምክንያቱ መቅረብ አለበት። ምክንያቱ ደግሞ «ኑሮ ተወዷል» ቢሆን ማንም አይሰማም፤ ለባለቤቱም ተወዷል። «ይህ ልጅ ቢለቅ ተተኪ እስኪገኝና እስኪለምድ አራት ወር፣ በዚያ ጊዜ እነዚህ ሁለት ደንበኞች አደጋ ላይ ናቸው» የሚለው ነው የሚሰማው።

ደመወዝ ካልተቻለ ሌላ በር አለ። የትራንስፖርት አበል፣ የካርድ፣ ምሳ፣ ሰርቪሱ በሰፈሩ እንዲያልፍ ማድረግ፣ ድርጅቱ የሚከፍለው ኮርስ። አንዳንዴ ሰው የሚለቀው በ2,000 ብር ልዩነት ነው፤ አንዳንዴ ግን ብሩ ሰበብ ነው። «ብሩ ቢስተካከል ትቆያለህ?» ብለው ይጠይቁ። ዝም ካለ ችግሩ ሌላ ነው። ሊሆን የሚችለው ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ማታ ማታ ሌላ ሥራ ስለሚሠራ ሠራተኛም ይጠየቃል። አሁን ባለው ኑሮ ብዙ ሰው ይሠራል። የሚታየው ሦስት ነገር ነው፦ የእርስዎ ሥራ ይጎዳል ወይ፣ ተፎካካሪ ዘንድ ነው ወይ፣ በእርስዎ ላፕቶፕና ሰዓት ነው ወይ። ሦስቱም ካልሆኑ አይተው እንዳላዩ ማለፍ ይሻላል። ውሉ የሚከለክል ከሆነ ግን ቀድመው ያነጋግሩት።

ቴሌግራም ላይ ማታ 3 ሰዓት ሥራ ማዘዝ ይቻላል?

ይጻፋል። ጥያቄው መልስ መጠበቅዎ ነው።

መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ አይችልም፤ ይከፈልበታልም። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው 1.5 እጥፍ ነው፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5። «እስቲ ይቺን ነገር ቶሎ እያት» ብለው ማታ የላኩት መልእክት አለቃ ያዘዘው ሥራ ነው። ቀኑና ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ ተጽፏል።

ሐሳቡ እንዳይጠፋዎት ከሆነ የሚልኩት፣ ቴሌግራም መልእክትን ለጠዋት ቀጥሮ የመላክ አማራጭ አለው። ይጠቀሙበት። አስቸኳይ ነገር ከሆነ ደግሞ ይደውሉ። የሚደወለው በወር አንዴ ከሆነ ሰው ያነሳል።

ከቤት ሥራ አገራችን ውስጥ ይሠራል?

ለአንዳንዱ። መብራትና ኢንተርኔት ከፈቀዱ። ቤቱ አንድ ክፍል ሆኖ ሦስት ልጅ ካለበት ሰው ቢሮውን ይመርጣል፤ ሁሉም ከቤት መሥራት ይፈልጋል ብለው አያስቡ። በሳምንት አንድና ሁለት ቀን ሞክረው፣ የሚረከቡትን ሥራ በዝርዝር ተስማምተው ይጀምሩ። በየግማሽ ሰዓቱ «አለህ?» እያሉ የሚጠይቁ ከሆነ ይምጣና ቢሮ ይቀመጥ፤ ለሁለታችሁም ይቀላል።

ሪፖርቱን ቻትጂፒቲ እንደጻፈው አውቃለሁ። ልቆጣ?

አይቆጡ። ጠርተው «አስረዳኝ» ይበሉት። ወረቀቱን ሳያይ አምስት ደቂቃ ካስረዳ መሣሪያ ተጠቅሟል፤ ካላስረዳ ሥራውን አልሠራም። እንግሊዝኛው እንከን የለሽ፣ ቁጥሩ ግን ከእናንተ መጋዘን ጋር የማይገናኝ ሪፖርት እየበዛ ነው።

መቆጣት የሚገባው ሌላ ቦታ ነው። የደንበኛ ስም፣ ስልክ፣ የሒሳብ ቁጥር ወይም የሠራተኛ የሕክምና ወረቀት እዚያ ውስጥ መለጠፍ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የድርጅቱ ኃላፊነት ሆኗል። ምን ይለጠፋል፣ ምን አይለጠፍም የሚል አንድ ገጽ ያዘጋጁ። አንድ ገጽ ይበቃል።

ዘመድ ቅጠር እያሉ ያስጨንቁኛል። ፖለቲካውም ቢሮ ገባ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ስንት ቢሮ እንደገደለ ቤት ይቁጠረው። ዘመድ ሲጠይቅ «አይሆንም» ማለት ከባድ ከሆነ «ማስታወቂያ ሲወጣ ሲቪውን ያስገባ፣ ፈተናውን የሚያርመው ሌላ ሰው ነው» ይበሉ። ያንንም በእርግጥ ያድርጉት። እርስዎ ከቅጥር ኮሚቴው ይውጡ፤ መውጣትዎም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

ፖለቲካን በተመለከተ፦ ሰው ስለ አገሩ እንዳያወራ መከልከል አይቻልም። ግን አንድ ሰው በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ ሲነካ፣ በቀልድ ቢሆንም፣ ያኔውኑ ማስቆም የእርስዎ ሥራ ነው። «በኋላ አናግረዋለሁ» አይሠራም፤ የተነካው ሰው የሚያስታውሰው እርስዎ ዝም ማለትዎን ነው። ፈረቃና ዕድገት ሲደለድሉ ደግሞ ስም ዝርዝሩን አንዴ በሌላ ሰው ዓይን ያንብቡት።

ሴት ኃላፊ ነኝ። እኔ ስናገር «ነገረኛ»፣ እሱ ሲናገር «ጠንካራ»።

አዎ፣ እንዲህ ነው፤ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ለልደት ኬክ ማዘዝ፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ማስመጣት ሳይነገር ወደ እርስዎ ከመጣ በተራ እንዲሆን ያድርጉ። የተናገሩትን ሐሳብ ሌላው ደግሞት ሲመሰገን «አዎ፣ ቅድም እንዳልኩት» ብሎ መቀጠል በቂ ነው።

ከሥርዎ ያለች ሠራተኛ ስትወልድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከክፍያ ጋር ዕረፍት አላት። አራት ወር ነው። ከሦስት ወር በፊት የሚታወቅን ነገር ድንገተኛ አድርጎ «ሥራ ልትበድለን ነው» ማለት የኃላፊው ስንፍና ነው።

ወሲባዊ ትንኮሳን አዋጁ በግልጽ ይከለክላል። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው የተነኮሳት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቅቃ ካሣ መጠየቅ ትችላለች። «ቀልድ ነው፣ እሱ ልማዱ ነው» ብሎ ያለፈ ኃላፊ ድርጅቱን ለክስ ያጋልጣል፤ ከዚያ በፊት ግን ልጅቷን ብቻዋን ትቷታል።

ሥራውን ያልቻለን ሰው እንዴት ነው የማሰናብተው?

ብዙው ሰው ይህን የሚጠይቀው ከረፈደ ነው። እንዴት እንደሚረፍድ እንይ።

አዲስ ሠራተኛ ይቀጠራል። የሙከራ ጊዜው በጽሑፍ ከተደረገ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ለሥራው ብቁ አለመሆኑ ከታየ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ማሰናበት ይቻላል። ኃላፊው በ20ኛው ቀን ልጁ እንደማይሆን ገብቶታል። «ገና ነው፣ ይለምዳል» ይላል። በ45ኛው ቀን «አሁን በጾም እንዴት አባርረዋለሁ» ይላል። 60ው ቀን ያልፋል። አሁን ልጁ ቋሚ ሆኗል።

ከዚያ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ይመጣል። ቅጹ ላይ ከ5 ይሰጣል። ኃላፊው 2 ይገባዋል ብሎ ያስባል፤ 2 ብጽፍ ግን ቦነሱ ይቀርበታል፣ ልጅ አለው፣ ይጣላኛል ይላል። 4 ይጽፋል። በቀጣዩ ምዘናም 4፣ «ትጉህ ሠራተኛ» የሚል አስተያየት ታክሎበት። በሦስተኛው ዓመት ትዕግሥቱ አልቆ ኤችአር ቢሮ ሄዶ «ይህ ሰው ይባረርልኝ፣ ችሎታ የለውም» ይላል። ኤችአር ፋይሉን ታወጣለች። ፋይሉ ውስጥ ያለው ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ፈራሚው ደግሞ ራሱ ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ቢሮ ውስጥ ግን ይነቅዛል።

ስለዚህ የሙከራ ጊዜ ሲጀመር 30ኛውንና 50ኛውን የሥራ ቀን ካላንደር ላይ ያስምሩ። በ30ኛው ቀን ያለውን ጉድለት ነግረው በጽሑፍ ይስጡት። በ50ኛው ይወስኑ። ካለፈ በኋላም ምዘናውን በእውነት ይሙሉ፤ 2 የሰጡበትን ምክንያት ከነምሳሌው ይጻፉ፤ «ግንቦት 12 ለደንበኛ የተላከው ኢንቮይስ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል» በሚል መልኩ። እንዲሻሻል ጊዜና ሥልጠና መስጠትዎም እዚያው ይቀመጥ።

በችሎታ ማነስ በማስጠንቀቂያ የሚሰናበት ሠራተኛ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ 1 ዓመት ካገለገለ የ1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት የ2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ያገኛል። በከባድ ጥፋት ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሰናበት ከሆነ ምክንያቱና ቀኑ በጽሑፍ ይሰጠዋል። አሠሪው ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ካለፈው በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ለማጣራት ከሥራ ማገድ የሚቻለውም ከ30 የሥራ ቀን ላልበለጠ ጊዜ ነው። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ወይም የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ካሣ ይከፈለዋል፤ የማስጠንቀቂያው ክፍያም ይጨመርበታል። ያን ጊዜ ባለቤቱ የሚጠሩት እርስዎን ነው።

የስንብቱን ደብዳቤ ኤችአር ይጻፈው፤ ነገሩን ፊት ለፊት የሚነግሩት ግን እርስዎ ይሁኑ። ዓርብ 11 ሰዓት ላይ በጥበቃ በኩል ደብዳቤ ማስደረስ ነውር ነው። የቀሩትም ሠራተኞች ያያሉ።

እኔንስ ማን ይጠብቀኛል?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ሊጠይቅ ይገባ ነበር።

አዋጅ 1156/2011 «የሥራ መሪ» የሚላቸውን ሰዎች አይሸፍንም። የሥራ መሪ ማለት የድርጅቱን የሥራ አመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ነው። በእነዚህ ጉዳዮች ላይ በራሱ ውሳኔ ለአሠሪው ጥቅም የእርምጃ ሐሳብ የሚያቀርብ የሕግ አገልግሎት ኃላፊም ይጨመርበታል። ከላይ ስለ ማስጠንቀቂያና ስለ 180 ቀን ካሣ የተጻፈው እነሱን አይመለከትም። ግንኙነታቸው የሚዳኘው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና በውላቸው ነው።

ስለዚህ «ማናጀር» የሚል ቢዝነስ ካርድ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም። የሚታየው የሚሠሩት ነገር ነው። ቲም ሊደር ተብለው ፈረቃ ብቻ የሚያወጡ ከሆነ ምናልባት አሁንም ሠራተኛ ነዎት፤ መብቱም አብሮዎት አለ። ዕድገቱ የመቅጠርና የማባረር ሥልጣን ይዞ ከመጣ ግን ጥበቃው ቀንሷል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከተሰናበተ በኋላ ነው።

የዕድገት ደብዳቤው ሲሰጥዎ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚለውን አንብበው ብቻ አይፈርሙ። የሥራ መዘርዝር ይጠይቁ። የማስጠንቀቂያ ጊዜው ስንት ወር እንደሆነ፣ ያለ ጥፋት ቢሰናበቱ ምን እንደሚከፈል፣ የዓመት ፈቃድና የሕመም ፈቃድ እንዴት እንደሚታሰብ ውሉ ላይ በቁጥር ይግባ። ደስታው ሳይበርድ፣ ከመፈረምዎ በፊት፣ ለአንድ የሥራ ክርክር ለሚያውቅ ጠበቃ ያሳዩት።